ከሬቲናው ጀርባ ያለው ውሃ

እ.ኤ.አ. በ1851 (ከዚህ በታችም “ዓ.ም.” ያልተባለባቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው) ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ብርሃን ልኮ ጓዳውን የሚያይበትን መሣሪያ፣ ኦፍታልሞስኮፕን፣ ለዓለም አስተዋወቀ። በዚያ ዓመት ካሳ ኃይሉ ገና ዐፄ ቴዎድሮስ አልተባሉም፤ በጦሳ ተራራ ሥርም ደሴ የምትባል ከተማ አልተቆረቆረችም። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ለሐኪም ከብሌን በስተኋላ ያለው ሁሉ ጨለማ ነበር። ሰው “ማየት ተሳነኝ” ሲል ብሌኑ ነጭ ከሆነ ሞራ ነው ይባላል፤ ብሌኑ ጥቁር ሆኖ ካላየ ግን ምክንያቱን የሚያውቅ አልነበረም። ሄልምሆልትዝ ያን በር ከፈተው፤ ሐኪሞችም መጀመሪያ ካዩአቸው ነገሮች አንዱ ከቦታው የተነሣ፣ እየተንሳፈፈ የሚወዛወዝ ሬቲና ነበር።

ሬቲና ከዓይን ኳስ በስተኋላ ውስጡን የሸፈነ ስስ ሽፋን ነው። ብርሃንን ተቀብሎ ወደ አንጎል የሚልከው እሱ ነው፤ ምግቡንና ኦክስጅኑን በብዛት የሚያገኘው ደግሞ ከሥሩ ከተነጠፈው፣ በደም ሥር ከተሞላው ኮሮይድ ነው። ሁለቱ ከተለያዩ ሬቲናው መራብ ይጀምራል፤ ቆይቶም ይሞታል። የሚለያዩበት መንገድ ግን አንድ አይደለም። በድሮ ጊዜ የጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ ጋዜጣ ይለጠፍ እንደነበር የደሴ ሰው ያስታውሳል። ያ ወረቀት ሊነሣ የሚችለው በሁለት ምክንያት ነው፦ ወይ ወረቀቱ ራሱ ይቀደድና በቀዳዳው ውሃ ይገባበታል፤ ወይ ወረቀቱ ደህና ሆኖ ሳለ ግድግዳው ከውስጥ እርጥበት ያመነጭና ገፍቶ ያነሣዋል። የመጀመሪያውን በማጣበቅ ማዳን ይቻላል። ሁለተኛውን ቢያጣብቁት ግድግዳው እስካልደረቀ ድረስ ተመልሶ ይነሣል።

በዓይን ካንሰር ሳቢያ የሚመጣው የሬቲና መላቀቅ ይህ ሁለተኛው ነው። ዕጢው ከሬቲናው ሥር ሲያድግ ከደም ሥሮቹ ፈሳሽ ያፈልቃል፤ ፈሳሹም ሬቲናውን ያነሣዋል። በሄልምሆልትዝ ዘመን ለዚህ መፍትሔው አንድ ብቻ ነበር፦ ዓይኑን ማውጣት። ጄምስ ዋርድሮፕ የተባለ የኤዲንብራ ቀዶ ሐኪም የሕፃናትን የዓይን ካንሰር በተመለከተ ይህንኑ በ1809 መክሮ ነበር፤ ምክሩ ከመቶ ዓመት በላይ አልተሻረም።

በዚህ መካከል ወሎ የራሷ ታሪክ ነበራት። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤውን በቦሩ ሜዳ ሲያካሂዱ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ደሴ ስትቆረቆር፣ የአገሬው ሰው ዓይን በዋነኛነት የሚታመመው በትራኮማ ነበር። ቆቡ ወደ ውስጥ ሲቀለበስና ፀጉሩ ዓይንን ሲወጋ ጎረቤት በወረንጦ ይነቅላል፤ ኩል ይኳላል፤ ክርስቲያኑ ጸበል ይወርዳል፣ ሙስሊሙ ዱዓ ያስደርጋል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ የሌላውን ደጅ ይጠናል። ከብሌኑ ጀርባ የሚደርሰውን ጉዳት ለማየት የሚያስችል መሣሪያ በወሎ አልነበረም።

የተቀደደውን ሬቲና ማዳን የተጀመረው በስዊዘርላንዷ ሎዛን ከተማ ነው። ዡል ጎናን የተባለ ሐኪም ሬቲና የሚላቀቀው በመቀደዱ ነው፤ ቀዳዳውን ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል ብሎ ተነሣ። ብዙ ባልደረቦቹ አላመኑትም። በ1920ዎቹ ቀዳዳው ያለበትን ስፍራ ከውጭ በጋለ ብረት እየተኮሰ መዝጋት ጀመረ፤ በ1929 በአምስተርዳም በተካሄደው የዓይን ሐኪሞች ጉባኤም ሥራው ተቀባይነት አገኘ። ከዚያ በፊት ሬቲናው የተላቀቀበት ሰው ዕጣው ዕውርነት ነበር። የጎናን ጥበብ ግን ለካንሰሩ ሕመምተኛ አልጠቀመም። ያ ዓይን የሚዘጋ ቀዳዳ የለውም።

ለካንሰሩ ሌላ መንገድ የተሞከረው በዚያው ጊዜ በለንደን ነው። ፎስተር ሙር የተባለ የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል ሐኪም በ1929 ገደማ የራዶን ጨረር የያዘ ትንሽ ቅንጣት ከዕጢው ውስጥ ቀበረ። ዓይኑን ሳያወጡ ዕጢውን መግደል ማለት ነው። ጨረሩን ከዕጢው አጠገብ ለሚያኖረው፣ ዛሬ ድረስ ላለው የዓይን ካንሰር ሕክምና መነሻው ይህ ነው።

ደሴ ዘመናዊ ሕክምናን እያወቀችው ሳለ ጦርነት ደረሰባት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማዋን በቦምብ ሲደበድቡ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው በዚያ ነበሩ። የአድቬንቲስት ሚሲዮን ያቋቋመው የተፈሪ መኮንን ሆስፒታልም ተመታ። በቦታው የነበሩ የልዩ ልዩ አገር ሐኪሞች ድርጊቱን ለዓለም መንግሥታት ማኅበር በቴሌግራም አቤት አሉ። ይህን የማነሣው ለጦርነቱ ብዬ አይደለም። በደሴ የሕክምና ታሪክ ውስጥ የተሠራው ነገር እየፈረሰ እንደገና ከመጀመሪያው መነሣቱ ተደጋግሞ ስለሚመጣ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ነገሩን የለወጠው ግኝት የመጣው ከዓይን ሐኪም አይደለም። መስከረም 11 ቀን 1941 ዓ.ም. በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች በመገጣጠሚያ ቁርጥማት አልጋ ላይ ለቀረች ሴት ኬሚስቱ ኤድዋርድ ኬንዳል የለዩትን ንጥረ ነገር በመርፌ ሰጧት። በቀናት ውስጥ ተነሥታ ተራመደች። ኮርቲዞን የተባለው ይህ መድኃኒት ከስቴሮይዶች አንዱ ነው፤ ሄንች፣ ኬንዳልና ስዊዘርላንዳዊው ታዴዎስ ራይሽታይን በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉበት። በዚያው ዓመት በጆንስ ሆፕኪንስ የነበሩት አለን ዉድስ መድኃኒቱ በዓይን መቆጣት ላይ ያለውን ውጤት አሳተሙ። የቀላ፣ ያበጠ፣ በውስጡ ፈሳሽ ያዘለ ዓይን በስቴሮይድ ይረጋጋል። የደም ሥሮቹ ፈሳሽ ማፍሰሳቸውን ይቀንሳሉ።

ስቴሮይድ ዓይን ውስጥ የሚሠራው ሥራ እንግዲህ ይህ ነው። ካንሰርን አይገድልም። ግድግዳውን ያደርቃል።

በእኛ በኩል፣ በዚያው በ1940ዎቹ ዓ.ም.፣ ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ጉባኤው በተካሄደበት በቦሩ ሜዳ የሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ተከፈተ። ሥጋ ደዌና ዓይን የቅርብ ዝምድና አላቸው። በሽታው የፊት ነርቭን ሲጎዳ ቆቡ መከደን ያቅተዋል፤ የዓይን ፊት ስሜቱን ሲያጣ አፈርና ፀጉር ቢገባበትም ሰውየው አያውቀውም፤ የሰውነት መከላከያ በበሽታው ላይ ሲነሣ ደግሞ ዓይን ከውስጥ ይቆጣል። ይህን መቆጣት ለማብረድ በዓለም ዙሪያ የሥጋ ደዌ ሐኪሞች የያዙት መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን፣ ያው ስቴሮይድ፣ ሆነ። ቦሩ ሜዳ ከጊዜ በኋላ የደቡብ ወሎና የአካባቢው ሕዝብ፣ ከአፋር የሚመጣውም ጭምር፣ የሚታከምበት የዓይን ክሊኒክ ያለው ሆስፒታል የሆነው ድንገት አይደለም። ሰው የሸሻቸውን ሕሙማን ሊያክም የተሠራ ቤት የዓይንን ጉዳይ ችላ ሊል አይችልም ነበር። በአገራችን የዓይን ሕክምና ታሪክ ሲወራ አዲስ አበባ ብቻ መወሳቱ ስለዚህ ነው የሚያሳዝነኝ።

በ1950ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ዴክሳሜታዞን ተሠራ። ከሰውነት ተፈጥሯዊ ስቴሮይድ 25 እጥፍ ያህል ብርቱ ነው፤ በኮቪድ ጊዜ ስሙን ያልሰማ የለም። በጠብታ መልክም ወጣ። ነገር ግን ጠብታው ከዓይን ፊት እንጂ ከኋላ ካለው ሬቲና በበቂ መጠን አይደርስም። በክኒን ቢሰጥ ደግሞ ደርሶም መላ ሰውነትን ይነካል፦ ስኳር ይጨምራል፣ አጥንት ያሳሳል፣ የሆድ ዕቃ ያቆስላል። ሌላ ጣጣም ተከተለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ በርናርድ ቤከርና መንሱር አርማሊ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች በየፊናቸው እንዳሳዩት፣ ስቴሮይድ ጠብታ ለሳምንታት ሲጨመርባቸው ከሰዎች ሲሶ ያህሉ የዓይናቸው ውስጥ ግፊት ከፍ ይላል፤ ከመቶ አራት እስከ ስድስት በሚሆኑት ደግሞ አደገኛ ደረጃ ይደርሳል። ግፊቱ ሳይታወቅ ከቆየ የዓይን ነርቭን ይገድላል፤ ግላኮማ የሚባለው ይኸው ነው። ሞራም ያፈጥናል። ዓይኑ የሚያሳክከው ልጅ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ ዴክሳሜታዞን ጠብታ ተገዝቶለት ለወራት ሲጨመርበት ወላጁ የሚያየው ቅላቱ መጥፋቱን ብቻ ነው። የሚጠፋው ብርሃን አያምም።

ካንሰሩን በጨረር የመግደሉ ሥራ ደግሞ ለንደን ውስጥ ወደ ሄንሪ ስታላርድ እጅ ገባ። ስታላርድን የሩጫ ታሪክ የሚከታተል ኢትዮጵያዊ ሊያውቀው ይገባል፦ በ1924 የፓሪስ ኦሊምፒክ ፓቮ ኑርሚ ወርቅ በወሰደበት የ1,500 ሜትር ውድድር ነሐስ ያገኘው እሱ ነው። ሯጩ ሐኪም ሆኖ የኮባልት ጨረር ያለበትን ትንሽ ሳህን በዓይን ነጭ ላይ፣ ልክ ዕጢው ባለበት በኩል፣ ሰፍቶ ለቀናት አቆይቶ የማውጣትን ዘዴ አዳበረ፤ የ100 ሕመምተኞችን ውጤትም በ1966 አሳተመ። በምሥራቅ በርሊን ፔተር ሎማትሽ ከ1964 ጀምሮ በኮባልቱ ፈንታ ሩተኒየምን ተጠቀመ፤ ጨረሩ ሩቅ ስለማይሄድ የቀረውን የዓይን ክፍል የሚጎዳው ያንሳል። ከዚህ በኋላ ዓይናቸው ሳይወጣ ከካንሰር የተረፉ ሰዎች ቁጥር እየበዛ ሄደ። አዲስ ችግርም የመጣው ከዚሁ ነው። የተገደለው ዕጢ እየበሰበሰ፣ በጨረር የተጎዱት የደም ሥሮችም እየተዳከሙ ከበፊቱ የባሰ ፈሳሽ ያፈሳሉ። ዕጢው ሞቶ ሬቲናው ይነሣል።

በ1971 በማያሚ ሮበርት ማኸመር በዓይን ነጭ በኩል ቀጭን መሣሪያ አስገብቶ የዓይንን ውስጥ የሞላውን ዝልግልግ ቪትረስ የማውጣትን ቀዶ ሕክምና አስተዋወቀ። ባልደረባው ኤድዋርድ ኖርተን በ1973 በቪትረሱ ቦታ ጋዝ ሞልቶ የተቀደደውን ሬቲና ከግድግዳው ጋር አስጠግቶ ማቆየት እንደሚቻል አሳየ። ይህ ለተቀደደው ዓይነት እንጂ ከሥሩ ውሃ ለሚፈልቅበት የካንሰር ዓይነት መልስ አይደለም። ሆኖም ለደሴ ሰው ልዩ ትርጉም ስላለው ትንሽ ልቆይበት።

ጋዝ ወደ ከፍታ ሲወጡ ይሰፋል። በዓይን ውስጥ የተሞላ ጋዝ ሲሰፋ የሚሄድበት የለውም፤ ግፊቱ ያሻቅብና ለዓይኑ ደም የሚያደርሰውን ሥር ይዘጋል። ስለዚህ ጋዝ ያለበት ሰው አውሮፕላን አይሳፈርም፣ ተራራ አይወጣም ይባላል። ለለንደን ወይም ለማያሚ ሕመምተኛ ይህ ቀላል ትእዛዝ ነው። በአዲስ አበባ ታክሞ ወደ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚመለሰው ሰው ግን 400 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝመው መንገድ ላይ ከ2,300 ሜትር ተነሥቶ በጣርማ በር ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ሸዋ ሮቢት ቆላ ይወርዳል፤ ከሚሴን አልፎ ኮምቦልቻ ይደርሳል፤ ቤቱ ደሴ ከሆነ የሐረጎን ዳገት እንደገና ይወጣል። ጣርማ በር ላይ ሲደርስ በዓይኑ ያለው ጋዝ በስሌት አንድ አሥረኛ ያህል ሰፍቷል። በመሆኑም ወይ ጋዙ እስኪመጠጥ፣ እንደ ዓይነቱ ከሁለት ሳምንት እስከ ሁለት ወር፣ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት መሰንበት አለበት፤ ወይም ሐኪሙ በጋዙ ፈንታ የማይሰፋ ሲሊኮን ዘይት ይሞላለትና ዘይቱን ለማስወጣት ሌላ ጊዜ ይመለሳል። ሕክምና የተፈለሰፈበት አገር መሬት ሜዳ ከሆነ መመሪያውም ሜዳውን ይመስላል። የእኛን ተራራ ግምት ውስጥ ማስገባት የእኛ ሐኪሞች ድርሻ ሆኖ ቀረ፤ እነሱም ያስገቡታል።

ኖርተን ጋዙን ባስተዋወቀበት ዓመት ወሎ በረሃብ ላይ ነበረች። በ1965 እና 1966 ዓ.ም. በኮምቦልቻና በደሴ መንገድ ዳር የወደቁትን ሰዎች የሚያስታውሱ ዛሬም አሉ። ረሃብ ቫይታሚን ኤ ያሳጣል፤ በላዩ ኩፍኝ ሲጨመርበት የሕፃን ዓይን ፊት በቀናት ውስጥ ይቀልጣል። በዚያ ዘመን በወሎ የዓይን ሐኪም ቢኖር የሚያስፈልገው ስለ ሬቲና ማሰብ ሳይሆን ካፕሱል ማደል ነበር። ስለዚህ ሳስብ በሁለት ዓለማት መካከል ያለው ርቀት ያመኛል።

ማኸመር ሌላም ነገር አስቦ ነበር። በ1979 እና በ1980 ከባልደረቦቹ ጋር ስቴሮይድን በቀጥታ በእንስሳት ዓይን ውስጥ በመርፌ አስገባ። ሐሳቡ ግልጽ ነው፦ ጠብታ ካልደረሰ፣ ክኒን መላ ሰውነትን ከጎዳ፣ መድኃኒቱን ራሱ ሬቲናው ፊት ማስቀመጥ። በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ትሪያምሲኖሎን የተባለው፣ በተለምዶ ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚወጋው ስቴሮይድ፣ በዓይን ውስጥ መወጋት በዓለም ተስፋፋ። ቅንጣቶቹ ቀስ ብለው ስለሚሟሙ ጥቂት ወራት ይሠራል። ጉድለቱ መድኃኒቱ መጀመሪያ ላይ መብዛቱ፣ ኋላ ላይ ማነሱ፣ በመሀልም ግፊት መጨመሩ ነው።

በዚያው ዘመን የጨረር ሕክምናው ፈተናውን አለፈ። በአሜሪካና በካናዳ የሚገኙ 43 ማዕከላት የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት 1,317 ሕመምተኞችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ፦ ለአንዱ ወገን ዓይኑ ወጣ፣ ለሌላው የአዮዲን ጨረር ሳህን ተሰፋ። በ2001 ይፋ በሆነው ውጤት ከአምስት ዓመት በኋላ የሞቱት በሁለቱም ወገን ከመቶ 18 እና 19 ነበሩ። ዓይን ማውጣት ተጨማሪ ዕድሜ አልሰጠም። ግን ጨረሩም ብርሃንን አልጠበቀም፦ በሦስት ዓመት ውስጥ ከታከሙት ዓይኖች 43 ከመቶ የሚሆኑት በሕግ ዕውር እስከሚባልበት ደረጃ ደክመዋል። ዓይኑ አለ፣ አያይም። የስቴሮይዱ ታሪክና የካንሰሩ ታሪክ የተገናኙት ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው።

መድኃኒትን በዓይን ውስጥ ለረጅም ጊዜ የማስቀመጥ ዘዴ መጀመሪያ የተሳካው ለኤድስ ሕመምተኞች ነው። በኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ፖል አሽተንና ባልደረቦቹ የሠሩት ቪትራዘርት በ1996 ጸደቀ፤ ሬቲናን የሚበላውን ቫይረስ የሚከላከል መድኃኒት ለወራት ያንጠባጥባል። በ2005 ሬቲዘርት ተከተለ፤ ፍሉኦሲኖሎን የተባለ ስቴሮይድ ለሁለት ዓመት ተኩል ያህል ያመነጫል። ግን በቀዶ ሕክምና ይሰፋል፤ የራሳቸው ሌንስ ካላቸው ታካሚዎች ሁሉም ለማለት ይቻላል ሞራ ወጥቶባቸዋል፤ ብዙዎች ለግፊቱ ሌላ ቀዶ ሕክምና አስፈልጓቸዋል። በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. የጸደቀው ኦዙርዴክስ ነገሩን አቀለለው። 0.7 ሚሊግራም ዴክሳሜታዞን የያዘ፣ ርዝመቱ 6 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ በትር ነው። ዓይኑ ከደነዘዘና ከጸዳ በኋላ በመርፌ በዓይን ነጭ በኩል ይገባል፤ ስፌት የለውም። በትሩ የተሠራበት ነገር ቀስ በቀስ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለውጦ ስለሚጠፋ የሚወጣ ነገርም የለም። እስከ ስድስት ወር ያገለግላል።

መድኃኒቱ የጸደቀው ለሬቲና ደም ሥር መዘጋት ነበር፤ በኋላ ለውስጣዊ የዓይን መቆጣትና በስኳር ሳቢያ ለሚመጣ እብጠት ተጨመረ። የካንሰር ሐኪሞች ግን ወዲያው አስተዋሉት። በ2013 ከፈረንሳይ ኒስ በፕሮቶን ጨረር ለታከሙ የኮሮይድ ሜላኖማ (ከኮሮይዱ ራሱ የሚነሣ ካንሰር) ሕመምተኞች መሰጠቱ ተዘገበ። በዚያው ዓመት የጣሊያን ፓዶቫ ሐኪሞች በዕጢ ሳቢያ ለተላቀቀ ሬቲና የትሪያምሲኖሎንን መርፌ ቤቫሲዙማብ ከተባለው ሌላ መርፌ ጋር አወዳድረው ስቴሮይዱ ውሃውን በተሻለ እንደሚያደርቅ አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ በትሩም መርፌውም በትልልቅ የዓይን ካንሰር ማዕከላት ሥራ ላይ ናቸው። ጨረሩ ዕጢውን ይገድላል፤ ስቴሮይዱ የሞተው ዕጢ የሚያፈሰውን ፈሳሽ ይገታል፤ ሬቲናው ወደ ቦታው የመመለስ ዕድል ያገኛል። ቅደም ተከተሉ ካልተጠበቀ ግን ውሃው ይደርቅና ዕጢው ያድጋል።

ኮሮይድ ሜላኖማ በእኛ ዘንድ ብርቅ ነው። በአሜሪካ በነጮች ዘንድ በዓመት ከሚሊዮን ስድስት ሰው ሲይዝ በጥቁሮች ዘንድ ከአንድም ያንሳል። ጉዳዩ ለወሎ ባዕድ ነው ማለት ግን አይደለም። በአዋቂ ሰው ዓይን ውስጥ በብዛት የሚገኘው ካንሰር ከሌላ አካል የተሰደደ ነው፤ በሴቶች ዘንድ ዋናው መነሻ ደግሞ ጡት ነው፤ የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱት ካንሰሮች ቀዳሚው ነው። ወደ ኮሮይድ ሲደርስ የመጀመሪያው ምልክት አንዳንዴ ከሬቲናው ጀርባ ያለው ውሃ ራሱ ነው። በአንድ ዓይኗ ጥላ መጣብኝ የምትል እናት ስለ ጡቷ መጠየቅ አለባት።

ኦዙርዴክስ ከመጽደቁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998 ዓ.ም.፣ አገር አቀፍ የዓይነ ስውርነት ጥናት ተካሂዶ ነበር። ከሕዝቡ 1.6 ከመቶ ዓይነ ስውር ሆኖ ተገኘ፤ ግማሽ ያህሉ በሞራ፣ 11.5 ከመቶው በትራኮማ። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉ ልጆች 62.6 ከመቶው ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በዚህ ቁጥር ፊት አገሪቱ ገንዘቧንና ጉልበቷን በአዚትሮማይሲን እደላ፣ በፊት መታጠብና በቆብ ቀዶ ሕክምና ላይ ማዋሏ ትክክል ነበር። እናቶቻችን ወረንጦ ይዘው የኖሩበት ዘመን መጀመሪያ ማብቃት ነበረበት።

ለሕፃናቱ ካንሰር፣ ለሬቲኖብላስቶማ፣ ነገሩ የተለየ ነው፤ እዚህ ላይ ልብ ይባልልኝ። ይህ ዕጢ ከራሱ ከሬቲናው ተነሥቶ ሊያላቅቀው ይችላል። የሚታየው ምልክት ብሌን ውስጥ ያለ ነጭ ነጸብራቅ ነው፤ ዛሬ በስልክ ፎቶ ላይ ሊታይ ይችላል። በዚህ ዓይን ውስጥ መርፌ ማስገባት የካንሰር ሕዋሳትን ወደ ውጭ ሊያወጣ ስለሚችል ለብዙ ዘመን ፈጽሞ የተከለከለ ነበር። በ2012 በሎዛን፣ የጎናን ስም በተሰጠው ሆስፒታል፣ ፍራንሲስ ሙኒዬ የካንሰር መድኃኒትን በጥንቃቄ የሚወጉበትን ዘዴ እስኪያሳትሙ ድረስ ክልከላው ጸንቷል፤ ዛሬም ከልዩ ማዕከል ውጭ አይፈቀድም። ሬቲኖብላስቶማ ያለበትን ሕፃን ዓይን መቆጣት ነው ብሎ ስቴሮይድ መስጠት ደግሞ ምልክቱን ለጥቂት ሳምንት ይሸፍንና ጊዜ ይበላል። ጊዜ ደግሞ ሁሉ ነገር ነው፦ በ2020 የታተመ፣ 153 አገሮችን ያካተተ ጥናት እንዳሳየው በድሃ አገሮች ሕፃኑ ሕመሙ የሚታወቅለት በአማካይ በ30 ወሩ፣ በበለጸጉት በ14 ወሩ ነው። ሲደርስ ካንሰሩ ከዓይን የወጣባቸው በድሃዎቹ 49 ከመቶ፣ በሀብታሞቹ 1.5 ከመቶ ነበሩ። ለእነዚህ ልጆች ሕይወት የሚያተርፈው አብዛኛውን ጊዜ ዓይኑን በጊዜ ማውጣት ነው፤ ወላጅ ሲሰማው የሚደነግጥበት፣ ልጁን ይዞ ወደ ቤት የሚመለስበት ቃል። የሚመለስ ወላጅ ላይ መፍረድ አልችልም። ጤና ጣቢያ ላይ ነገሩን በአማርኛ፣ ቁጭ ብሎ፣ ጊዜ ወስዶ የሚያስረዳ ሰው መኖሩ ከብዙ መሣሪያ የሚበልጥ ይመስለኛል።

በደሴ የተሠራው የመፍረሱ ታሪክም እንደገና መጣ፦ በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ በሰሜኑ ጦርነት በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ። መንግሥት ኅዳር 27 ቀን መልሶ መያዙን ሲያስታውቅ የደሴ ሪፈራል ሆስፒታል ተዘርፎ ተገኘ። የጣሊያን ቦምብ ከወደቀበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 86 ዓመት ከአንድ ቀን ሞልቶ ነበር፤ በፈረንጆቹ ቀኑ ራሱ፣ ዲሴምበር 6፣ ይገጥማል። ሐኪሞቹና ነርሶቹ ተመልሰው ሥራ ጀመሩ። የሚያክሙበት ዕቃ ግን ሰው በተመለሰበት ፍጥነት አልተመለሰም።

ዛሬ ከኮምቦልቻ ሬቲናዋ ተላቆ የተገኘች ሴት ቦሩ ሜዳ ወይም ደሴ ታይታ ወደ አዲስ አበባ ትላካለች፤ በምኒልክ ሁለተኛ ሆስፒታል የሬቲና ሐኪሞች አሉ። ጉዞው እንዲህ ያለ ሕመምተኛ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሄደው አይደለም። በዓይን ውስጥ የሚወጉ ሌሎች መርፌዎች በየወሩ ይደጋገማሉ፤ እያንዳንዱ መርፌ አንድ ቀን ለመንገድ፣ አንድ ቀን ለቀጠሮ፣ አንድ ቀን ለመመለስ፣ የላምበረት መናኸሪያ ግፊያ፣ የአስታማሚዋ ከሥራ መቅረት ነው፤ መንገዱ በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ደግሞ ቀጠሮው ያልፋል። እስከ ስድስት ወር የሚቆይ በትር ዋጋው ሲነገር ውድ ነው። የአውቶቡሱ፣ የአልጋው፣ የቀረው የቀን ደመወዝ ሲደመርለት ሒሳቡ ይለወጣል፤ ለሩቅ አገር ሰው የተሻለው መድኃኒት የሚቆየው ነው ብዬ አምናለሁ፤ የመድኃኒት ግዢ የሚወስኑ ሰዎችም ይህን ሒሳብ ከነመንገዱ ቢሠሩት እወዳለሁ።

ነገር ግን በትሩ ከገባ በኋላ በዓይን ውስጥ ያለው ግፊት ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው በሁለተኛው ወር ገደማ ነው። ያን ጊዜ ሕመምተኛዋ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ቤቷ ናት። ግፊቱን መለካት ልዩ የሬቲና ሐኪም አይጠይቅም፤ የማደንዘዣ ጠብታና የግፊት መለኪያ (ቶኖሜትር) ያለው አንድ የዓይን ጤና ባለሙያ ይበቃል። ከፍ ካለ በአብዛኛው በጠብታ ይመለሳል። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ስትመለስ የሚሰጣት ወረቀት ላይ ሁለት ቀኖች መጻፍ አለባቸው፦ አንዱ ለሬቲና ሐኪሙ ከስድስት ወር በኋላ፣ ሌላው ለቦሩ ሜዳ በስምንተኛው ሳምንት።